ወለል ላይ የተነጠፈው መሪ ቃል

ዓረፍተ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ጎንበስ ብዬ፣ በሰው እግሮች መካከል ነው። «በስፖርት የጎለበተ፣ በዕውቀት የላቀ፣ በሥነ ምግባር የታነጸ ትውልድ እናፈራለን» ይላል። «የላቀ» የሚለው ላይ የለውዝ ልጣጭ ተከምሯል። «ሥነ ምግባር» የሚለው ላይ ደግሞ የሆነ ሰው ተፍቶበት፣ አረንጓዴው ምራቅ ደርቆ ግማሹን ፊደል ውጦታል። የፕላስቲክ ባነር ነው፤ የክፍሉን ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸፍኖታል። አንዱ ጥግ ላይ የትምህርት ቤታችን ዓርማ አለ። ዓርማው ላይ መትፊያ ቆርቆሮ ተቀምጦበታል።

ነገርን ከመነሻው ማስረዳት ስለምወድ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እሠራ እንደነበር ላስረዳ።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ የስፖርት መምህሩ ተዛውሮ ሄደና የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን ያለ ሰው ቀረ። ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ልያዘው አልኩ። ስለ መረብ ኳስ የማውቀው ጥቂት ስለነበር ሕጉን አነበብኩ፣ ፊሽካ ገዛሁ፣ የልምምዱን ሰዓት በሥርዓት ጽፌ በየክፍሉ በር ላይ ለጠፍኩ። ሜዳችን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ኒም ዛፎቹ ሥር ያለው አሸዋ ነው። የድሬ ፀሐይ ከበረታች በኋላ አሸዋው እግር ስለሚያቃጥል የምንለማመደው ገና በማለዳው ነው።

ከልጆቹ ገሚሱ ቤታቸው ሶማሊኛ ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ኦሮምኛ፣ የቀሩት አማርኛ። ይህ በእኛ ከተማ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ወሬ በአንዱ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው ሲያልቅ ልብ የሚለው ሰው የለም። የእኛ ችግር ሌላ ነበር። ኳስ ከላይ ስትወርድ ማን እንደሚያነሳት መታወቅ ያለበት ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት አንዷ «ተይው» ትላለች፣ ሌላዋ የጓደኛዋን ስም ትጠራለች፣ ሦስተኛዋ ዝም ብላ ትጮኻለች። ከዚያ ሁለት ልጆች ወደ አንድ ኳስ ይሮጣሉ። አንድ ጠዋት አምበሏ እንደዚህ ስትሮጥ ከጓደኛዋ ግንባር ጋር ተጋጨችና የፊት ጥርሷ ተሰበረ። ደሙ ላይ አሸዋ መለስንበት። በማግስቱ ለልምምድ የመጣ አልነበረም። እናቶች ይብቃ ብለዋል።

አምበሏ ግን ብቻዋን መጣች፤ ከንፈሯ አብጦ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ የሶማሌ ልጅ ናት፤ አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ቤቱን የያዘችው እናቷ ናት።

«ቲቸር፣ እኛ ብዙ ነው የምናወራው። አንድ ቃል ይበቃናል» አለችኝ። «ኳሷን የምታነሳው ልጅ ‹አለሁ› ትበል። ሌላው ሰው ይቁም።»

ይኸው ነው። እኔ ከመጽሐፉ ስለ አቋቋምና ስለ ክፍተት ስንት ነገር ሳስረዳቸው ከርሜ ነበር። እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ከእሷ ጋር ሆነን በየቤቱ ዞርን። እኔ ላስረዳ እየሞከርኩ፣ እሷ እያሳጠረችው፣ እናቶቹ አንድ በአንድ እሺ አሉ። መጨረሻ የቀረችው የራሷ እናት ነበረች። የተሰበረውን ጥርስ ያየች እናት በቀላሉ እሺ አትልም። እናትየው አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ባለፈው ዓመት በልጆቹ ማሊያ ጀርባ ላይ የተጻፈው ምን ነበር? ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝም። ልጅቷም አላስታወሰችውም። እናትየው ታዲያ ዘንድሮ ይህ ቃል ይጻፍ አለች። ከኋላ የቆመችው ልጅ ከፊቷ ባለችው ጀርባ ላይ እያነበበችው ትጫወት፣ ያኔ አትረሳውም። እንደዚያ ከሆነ ልጄ ትጫወት፣ ካልሆነ ግን እኔ ሁለተኛ ጥርስ የለኝም አለች። እኔም ቃል ገባሁላት።

በማግስቱ ቡድኑን ክፍል ውስጥ ሰብስቤ መሪ ቃል ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስረዳሁ። መሪ ቃል በአንድ ትንፋሽ ካልተባለ መሪ ቃል አይባልም። የያዙት ሰዎች ሲያደርጉት የታዩት ነገር መሆን አለበት። ሌላ ቡድን ወስዶ ቢለብሰው ደግሞ የማይሆነው መሆን አለበት። ልጆቹ መጀመሪያ ከየግድግዳው ያነበቡትን ሁሉ ደረደሩልኝ። አንዷ «እንበላቸዋለን» ይባል ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። ከዚያ አምበሏ እጇን ሳታወጣ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «አለሁ» አለች። ሁሉም እጅ ወጣ።

አሁን የቀረው የምክትል ርእሰ መምህሩ ፈቃድ ነበር። የቡድኖች መሪ ቃል በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ቢሮው በሄድኩ ቁጥር ሥራ ይዞኛል ይለኛል። በመጨረሻ «ይሄ የቢሮ ነገር አይደለም መምህር፤ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ቤት ይምጡ» አለኝ። ሐጂ በቀፊራ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆኑ የቡድኖቹን ማሊያም በየዓመቱ ያሠራሉ። የኮሚቴው ስብሰባ ሁሉ የሚካሄደው እሳቸው ቤት፣ በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ ነው።

እኔ ጫት አልቅምም። ጨዋ ለመባል አይደለም። አባቴ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ በየቀኑ ይቅም ነበር፤ ገራባውን፣ ማለትም ቅጠሉ ተለቅሞ የሚጣለውን እንጨትና ጉርድ፣ ማታ ማታ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ገራባው በምራቅ እርሶ መጥረጊያው ላይ ይጣበቃል። በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሽታው ገና ከበር ሲቀበለኝ ፊቴን አዞራለሁ።

የሐጂ ቤት በር ሲከፈት የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነው። መስኮቶቹ በመጋረጃ ተሸፍነዋል፤ ነፋስ ከገባ ምርቃናውን፣ የጫቱን ሞቅታ፣ ያጠፋል ይባላል። ማራገቢያው ሙቁን አየር ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው ያዞረዋል። ሰዎቹ በፍራሹ ላይ ጋደም ብለው፣ ሽርጥ አገልድመው፣ እግራቸውን ወደ መሃል ዘርግተዋል፤ የአንዱ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ገራባ ገብቶበታል። ምክትሉን መጀመሪያ አላወቅኩትም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፎ ስለ ፀጉር አቆራረጥ የሚቆጣው ሰው፣ በካናቴራ ሆኖ ጉንጩ እንደ ሎሚ ተነፍቷል፤ በከንፈሩ ዳርና ዳር አረንጓዴ አረፋ ይታያል። ሲስቅ ጥርሱ አይታይም፤ የሚታየው የተላመጠ ቅጠል ነው። የምቀመጥበትን ቦታ ለመፈለግ ወደ ታች ሳይ ነው እንግዲህ ባነሩን ያየሁት።

«ባዮሎጂ መጣ! ና ቁጭ በል አንተ» አለኝ ምክትሉ። ትምህርት ቤት አንቱ ይለኛል፤ በርጫ ላይ ሁሉም ሰው አንተ ነው።

«ያልቃመ ሰው ሲያየን እኮ እንደ እንቁራሪት ነው የሚያየን» አሉ ሐጂ። «ኋላ ቀዶ ለተማሪ ሊያሳየን ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምክንያቱም የመጣሁት ለልጆቹ ነው። «እናፈራለን» የሚለው ላይ ንጹሕ ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ለማያውቅ ሰው የበርጫን አካሄድ ላስረዳ። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይሰዳደባል። ቀጥሎ ምርቃና ይገባል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ደግ ይሆናል፣ ያቅዳል፣ ይሰጣል፣ ይገነባል። በመጨረሻ ዝምታ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ጉልበቱን እያየ ይቀመጣል። እኔ ነገሬን ያነሳሁት በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ነበር። ምክትሉ «አለሁ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሊታነቅ ነበር። ይሄ እኮ ስልክ ሲደወልልህ የምትለው ነው፣ መሪ ቃል ቢያንስ ሦስት ሐሳብ ይይዛል፣ ትውልድ የሚል ቃል የሌለበት መሪ ቃል አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያም ቆርቆሮውን ስቦ ተፋ። ከአፉ እስከ ቆርቆሮው የተዘረጋው ክር እስኪበጠስ ድረስ እኔ ወደ መጋረጃው አየሁ።

ዝም ብዬ ልውጣ ስል ምርቃናው ገባ። ምክትሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጥርሷን ነገር እስኪ ድገምልኝ አለኝ። ደገምኩለት። እናትየው ስላለችው ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ምክትሉ ከጋደመበት ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄ ነው ቃል» አለ። «ወላሂ ይሄ ነው። ማሊያ ላይ ብቻ አይደለም፣ በሩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ውሃ ጋኑ ላይ ሳይቀር ይጻፋል። ልጅቷን ጥርስ አስተክላታለሁ። በእኔ ይሁን።»

ሐጂም አንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት ማሊያ በልጅ፣ ከራሴ ጨርቅ አሉ። አንዱ ለሜዳው ጣሪያ ሠራለት፣ ሌላው ቡድኑን ጅቡቲ ድረስ ወስዶ አጫወተው። ምክትሉ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እጁ ረጥቧል፤ ሲለቀኝ በጣቶቼ መካከል የቅጠል ቁራጭ ቀርቷል። ይህን እዚህ የምጽፈው፣ ያን ጊዜ ያ ቁራጭ እንኳ ስላልቀፈፈኝ ነው። ደስታዬ ያን ያህል ነበር። ውጭ ወጥቼ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ፣ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ አምበሏ ቤት ሄድኩ።

«ምሏል?» አለችኝ።

«ምሏል።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጥርሷ ከተሰበረ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከሳምንት በኋላ የማሊያው ካርቶን መጣ። ስከፍተው የመጀመሪያው ማሊያ ጀርባ ላይ፣ ከቁጥሩ በላይ፣ በሁለት መስመር በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። በስፖርት የጎለበተ፣ በዕውቀት የላቀ። የቀረውን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ተቀምጬበት አውቃለሁ። ለበሩ የሚሆነውም ባነር አብሮ ተጠቅልሎ መጥቷል። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ዓመቱ ብቻ ተቀይሮ።

ወደ ምክትሉ ቢሮ ገባሁ። ሸሚዙ እስከ ላይ ተቆልፏል፣ ጉንጩ ባዶ ነው። የቱ ቃል ነው አለኝ። አስታወስኩት። ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም።

«መምህር» አለኝ፣ «እዚያ የተባለን ነገር እዚህ ይዘው ይመጣሉ እንዴ?»

የተናገረው ሳያፍር ነው። እንዲያውም ያፈረው ለእኔ ነበር፣ ነውር የሠራሁ ይመስል። ለካ ነገሩ መርሳት አይደለም። ከዚያ በቀጥታ ቀፊራ ሄድኩ። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ ስነግራቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው በርኅራኄ አዩኝ።

«አቦ አንተ ደግሞ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም? በምርቃና የተባለ ነገር ሲነጋ ማን ይጠይቃል?» አሉኝ። «እኔ ይሄን ሱቅ ስንቴ ለሰው ሰጥቻለሁ፣ ወላሂ። አንድም ቀን ሊረከብ የመጣ የለም።»

ቀጥለውም ማተሚያ ቤቱ ያለፈው ዓመት ጽሑፍ ስላለው፣ ካልተነገረው በቀር ዓመቱን ብቻ ቀይሮ እንደሚያትመው ነገሩኝ። የሚነግረው ሰው ኖሮም አያውቅም። በየዓመቱ ስለ መሪ ቃል ይቀመጣሉ፣ ይቃማል፣ ይለቀሳል፣ ይማላል፣ ከዚያ ያው ይታተማል። ሻይ አዝዘው በእጃቸው አቀበሉኝ። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የእሳቸው የጣት አሻራ አረንጓዴ ሆኖ ስላየሁት ሳልጠጣው ወጣሁ።

ማሊያዎቹን ለልጆቹ መስጠት ነበረብኝ። አምበሏ አንዱን ዘርግታ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ይሄ ያምናው ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ምሏል አላልክም ቲቸር?»

ሁለት ልጆች ማሊያውን አስቀምጠው ሊሄዱ ተነሱ። ተቀመጡ አለቻቸው፤ ቁጥሩ ለዳኛው ነው፣ ጽሑፉን ደግሞ ማንም አያነበውም። እሷ ራሷ ትጫወት አትጫወት ግን ገና አልታወቀም፤ የእናቷ ቃል እንዳለ ነው። አብሬያት ሄጄ ላስረዳ አልኩ። አይ ተወው፣ አንተ ስታስረዳ ይረዝማል አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት እናትየው ራሷ መጥታ ኒሙ ሥር ቆመች። ልምምዱን እስከ መጨረሻው አየች። ኳስ በመጣ ቁጥር አንድ ድምፅ ይሰማል፣ «አለሁ»፤ የቀሩት እግሮች ይቆማሉ። የተጋጨ አልነበረም። እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ልጅቷ ተጫወተች።

ባነሩን የሰቀለው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ለበሩ በጣም ይበልጣል፤ ወርዱ ከሁለቱ ምሰሶዎች ያልፋል፣ ቁመቱ ወርዶ የሚገባውን ተማሪ ራስ ይመታል። ዘበኛው እየተነጫነጨ ታችኛውን ወደ ኋላ አጥፎ በሽቦ አሠረው። በየዓመቱ ይኸው ነው፣ በሩን የሚለካ ሰው እንዴት ይጠፋል አለኝ። እኔም በልቤ ሥርዓት ማጣት ነው ብዬ አለፍኩ።

ውድድሩ ላይ ልጆቹ ከጠበቅኩት በላይ ሄዱ፤ ለዋንጫ ለማለፍ በተደረገው ጨዋታ ተሸነፉ። የተሸነፉት በቁመት ነው፣ በመጋጨት አይደለም። ምክትሉ ጥላ ሥር የክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሕዝቡ ሲበተን ጠራኝና ልጆቹን ያመስግኑልኝ አለ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ የበርጫውን አንተ ተጠቀመ።

«ሰኞ ያንን ባነር አስወርደህ በባጃጅ ይዘኸው ና እስኪ። የሐጂ ቤቱ ተቀዷል።»

ያኔ ነው የባነሩ ልክ የገባኝ። የታዘዘው በበሩ ልክ አይደለም። በክፍሉ ልክ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ትውልዱ፣ ዕውቀቱ፣ ሥነ ምግባሩ፣ ሁሉም ከመታተሙ በፊት ለየትኛው እግርና ለየትኛው ምራቅ እንደሆነ ይታወቃል። በሩ ላይ የሚቆየው እስኪፈለግ ብቻ ነው። አፌ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ ጥግ ፈልጌ ልተፋው ስል የእሱ ቆርቆሮ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ልንገራቸው አልንገራቸው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ቃል ገብቼ ያልፈጸምኩት ለምን እንደሆነ ማወቅ ይገባቸዋል። ማሊያቸው ጀርባ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር የት እንዳየሁት፣ ምን እንደፈሰሰበት፣ ባነሩም ወዴት እንደሚሄድ በሥርዓት አስረዳሁ። አንዳንዶቹ ማሊያውን ከገላቸው ራቅ አድርገው በጣታቸው ያዙት። አምበሏ የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር።

«እንኳንም የኛን አልጻፉት» አለች። «ሊተፉበት ነበር።»

ሰኞ ባነሩን አላወረድኩም። የመምህራን ስብሰባ ስለነበረ እጄን አውጥቼ ሐሳብ አቀረብኩ። መሪ ቃል ማለት በየዕለቱ ሊታይ የሚገባው ነገር ስለሆነ፣ ባነሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በሩ ላይ ይቆይ አልኩ። ጥቅሙንም ዘርዝሬ አስረዳሁ። ርእሰ መምህሯ ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ምክትሉም አጨበጨበ፤ ሌላ ምን ማድረግ ይችላል?

ባነሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ፀሐይ ቀለሙን እየበላው ነው፤ ከነፋስ የመጣ አሸዋ በታጠፈው ቦታ ሞልቶ ወደ ታች ጎትቶታል። ቀትር ላይ ምክትሉ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ እየፈታ በሩን ሲያልፍ፣ ቀና ብሎ ያየዋል። የሚያነበው እንዳይመስላችሁ። ምንጣፉን ሰው ቤት የረሳ ሰው እንደሚያየው ነው የሚያየው።